ስንት ደንገል አንድ ታንኳ ይሆናል?

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳርቻ፣ አንድ አዛውንት ታንኳቸውን ሲጠግኑ ቆሜ አየሁ። ውኃ ጠጥቶ የከበደውን፣ ጫፉ የበሰበሰውን የደንገል እስር አንድ በአንድ እየፈቱ ወደ ዳር ይጥላሉ። በምትኩ ፀሐይ ላይ ሰንብቶ የደረቀ ደንገል ያስገባሉ፤ በጉልበታቸው ተጭነው በልጥ ጠበቅ አድርገው ያስሩታል። አዲሱ ደንገል እንደ ገለባ ቢጫ ነው፤ አሮጌው ጠቁሯል። ታንኳዋ በሁለት ቀለም ተዥጎርጉራለች።

«አባቴ፣ ይህች በፋሲካ ሰሞን ይቀዝፏት የነበረችው ታንኳ ናት?» አልኳቸው።

«ታዲያ የማን ልትሆን ኖሯል? ደንገሉ ይለወጣል እንጂ ታንኳዋስ ያችው ናት» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

መልሳቸው አጭርና ግልጽ ነው። ውስጡ ግን ፈላስፎች ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የተሟገቱበት ጉዳይ ተቀምጧል። ደንገሉ ተለውጦ ታንኳዋ ያችው ከሆነች፣ ታንኳዋና ደንገሉ አንድ አይደሉም ማለት ነው። አንድ ካልሆኑ ደግሞ ከደንገሉ ሌላ እዚያ ዳር ላይ ምን አለ? ከዚህም የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ለመሆኑ ብዙ ደንገል መቼ ነው አንድ ነገር የሚሆነው?

ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ጥያቄ ሲሰማ «የቃላት ጨዋታ ነው» ብሎ ያልፈዋል። አይደለም። በርስት ክርክር፣ በቅርስ ጥገና፣ ሐይቅን በመለካት ሥራ ውስጥ ሁሉ ተሸሽጎ የሚኖር ጥያቄ ነው። ከታች የምጠቅሳቸው ዘመናት «ዓ.ም» ካልተባሉ በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄው በትክክል ምንድን ነው?

ሦስት ቃላት ይበቁናል። «ክፍል» የምንለው የሌላ ነገር አካል የሆነውን ነው፤ ጣት የእጅ፣ እጅ የሰውነት ክፍል ነው። «ሙሉ ነገር» ክፍሎቹ ተሰብስበው የሠሩት ነው። «ቅንብር» ደግሞ ብዙዎቹ አንዱን የሚሠሩበት ግንኙነት ነው። ነገሮች በመሠረታቸው ምን እንደሆኑ የሚመረምረው የፍልስፍና ዘርፍ ሜታፊዚክስ ሲባል፣ ክፍልንና ሙሉ ነገርን ብቻ ይዞ የሚያጠናው ቅርንጫፍ ሜሬዮሎጂ ይባላል። ስሙ የመጣው «ሜሮስ» ከሚለው የግሪክ ቃል ነው፤ ክፍል ማለት ነው። መሠረቱን በ1916 ያኖረው ፖላንዳዊው የሎጂክ ሊቅ ስታኒስላቭ ሌሽኒየቭስኪ ነው።

ጥያቄውን ዛሬ በምናውቀው መልክ የሳለው ግን አሜሪካዊው ፈላስፋ ፒተር ቫን ኢንዋገን ሲሆን፣ ሙሉ መልሱን ያሳተመው በ1990 ነው። ጥያቄው በቀላል አማርኛ ሲቀመጥ ይህን ይመስላል፦ ብዙ ነገሮች አሉ እንበል፤ አንድ ሌላ ነገር እንዲሠሩ ምን መሟላት አለበት?

ይህ ታንኳ እንዴት ይሠራል ማለት አይደለም። እሱን የነገደ ወይጦ ባለሙያዎች ከማንም በላይ ያውቁታል። ደንገል ከምን ተሠራ ማለትም አይደለም፤ እሱ የሳይንቲስቶች ሥራ ነው። ጥያቄው የቆጠራ ጥያቄ ነው። ጠዋት ዳር ላይ 300 ደንገል ተጋድሞ ነበር። ማታ ታስሮ ታንኳ ሆነ። ማታ ላይ ስንት ነገር አለ? 300 ነው ወይስ 301?

ታስሯል አይደለም እንዴ? መተሳሰር አይበቃም?

መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው መልስ «ሲነካኩ» የሚል ነው። ደንገሎቹ ተራርቀው ሳሉ ብዙ ናቸው፤ ሲነካኩ አንድ ይሆናሉ። ይህ መልስ ቶሎ ይወድቃል። በጥምቀት ዕለት ታቦት የሚያጅበው ሕዝብ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ይሄዳል፤ በመካከሉ እጅ ማስገቢያ እንኳ አይገኝም። ከሁለት ሰዎች ትከሻ መነካካት ግን ሦስተኛ አካል አይፈጠርም።

እንግዲያው ይተሳሰሩ እንበል፤ አንዱ ሲጎተት ሌላው የሚከተል ይሁን። በገበያ ቀን ሁለት በጎች በአንድ ገመድ ታስረው ሲነዱ ያላየ የለም። አንዱ ሲሳብ ሌላው ይከተላል። ገዢው ግን የሚቆጥረው ሁለት በግ ነው፤ ስምንት እግር ያለው አንድ እንስሳ ገበያው ውስጥ የለም። ገመዱን ማጥበቅም ነገሩን አይለውጠውም።

አብረው ከበቀሉስ? ይህ ከሁለቱ ይሻላል፤ ሆኖም ጣና ራሱ ያስቸግረዋል። ደንገል ከላይ ሲያዩት ለየብቻው የቆመ ዘንግ ነው። ከጭቃው ውስጥ ግን አግድም በሚሄድ ወፍራም ሥር መሳይ ግንድ ብዙው ከብዙው ተያይዟል። እምቦጭም እንዲሁ ነው። እናቲቱ ተክል በውኃው ላይ ቀጭን ቅርንጫፍ ትዘረጋለች፤ ከጫፉ ልጅ ይበቅላል፤ ልጁም በተራው ይዘረጋል። በ2004 ዓ.ም ገደማ ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ስንት ገበሬ ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ ይህን አረም በእጁ ነቅሏል! ያ ገበሬ ስቦ የሚያወጣው አንድ ተክል ነው ወይስ የአንድ ሰፊ ተክል ቁራጭ? ቅርንጫፉን ብትቆርጡት ሁለቱም ወገን ለየብቻው ይኖራል። «አብሮ መብቀል» አንድ ያደርጋል ካልን፣ ውኃው ላይ የተነጠፈው አረንጓዴ ምንጣፍ ከፊሉ አንድ ተክል ነው። አያደርግም ካልን ደግሞ የዛፍ ቅርንጫፍ የዛፉ ክፍል የሚሆንበትን ምክንያት ሌላ ቦታ መፈለግ አለብን።

ሕግስ ምን ይላል?

የሕግ ሰዎች ይህን ጥያቄ መሸሽ አልቻሉም። ቤት ሲሸጥ በሩ አብሮ ይሸጣል ወይ? መሬት ሲተላለፍ ማሳው ላይ ያለው ስንዴስ? በ1952 ዓ.ም የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1132 ሁለት መለኪያዎችን አስቀምጧል። አንድ ነገር የሌላው ክፍል ነው የሚባለው፣ አንደኛ በልማድ እንደ ክፍሉ ሲቆጠር ነው፤ ሁለተኛ ከነገሩ ጋር በአካል ተያይዞ፣ ሳያፈርሱት ወይም ሳያበላሹት ሊለዩት የማይቻል ሲሆን ነው። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 1133 ደግሞ ዛፍና ሰብል ከመሬቱ እስኪለዩ ድረስ የመሬቱ ክፍል ናቸው ይላል።

ይህን እንደ ፍልስፍና ጽሑፍ አንብቡት። ሁለተኛው መለኪያ ቅድም ያየነው መተሳሰር ነው፤ ብቻ ጠንከር ብሎ መጣ። የመጀመሪያው ግን ያስደንቀኛል። ልማድ አንድን ነገር የሌላው ክፍል ሊያደርግ ይችላል ማለት ነው። ለዳኛ ይህ በቂ ነው፤ ዳኛ የሚፈልገው ንብረቱ የማን እንደሆነ ማወቅ ነውና። ለፈላስፋ ግን ከባድ መዘዝ አለው። በዓለም ላይ ስንት ነገር እንዳለ የሚወስነው የሰው ልማድ ከሆነ፣ ሰው ባልነበረበት ዘመን ተራራው ስንት ነበር? ማጭድ የስንዴውን አገዳ በቆረጠበት ቅጽበት አንድ የነበረው ሁለት ሆነ ይላል ሕጉ። ማጭዱ አገዳ ቆረጠ፤ ቁጥሩን የቆረጠው ግን ማን ነው?

ሥርዓቱ ከሆነስ አንድ የሚያደርጋቸው?

አርስቶትል ከሁሉ ጠልቆ ያየው ይህን ይመስለኛል። እንዲህ ይላል፦ «ባ» የሚለው ድምፅ «ብ» እና «ኣ» ብቻ አይደለም። ሁለቱን ለየብቻ ብትይዟቸው «ባ» የለም፤ ሁለቱ ግን አሉ። ስለዚህ በ«ባ» ውስጥ ከሁለቱ ሌላ የሆነ ነገር አለ። የእርሱ የግሪክ ጽሕፈት «ባ»ን የሚጽፈው በሁለት ፊደል ነው። የእኛ ፊደል በአንድ ይጽፈዋል፤ «በ» እግሩን ሲያስረዝም «ባ» ይሆናል። ግሪኩ ሁለት ክፍል ባየበት እኛ አንድ ቅርጽ እናያለን፤ ልጅ ሆነን ፊደል ስንቆጥርም «ባ»ን ገንጥለን አልቆጠርንም።

ሌላ ምሳሌ ከራሳችን ቋንቋ ልጨምር። «በ» እና «ራ» የሚሉ ሁለት ፊደሎች ውሰዱ። በዚህ ተራ ስታስቀምጧቸው «በራ» ይሆናል፤ መብራቱ በራ። ብትገለብጧቸው «ራበ» ይሆናል፤ ሆዱን ራበው። ፊደሎቹ አልተጨመሩም፣ አልተቀነሱም። ብርሃንንና ረኀብን የለየው ተራቸው ብቻ ነው።

ታዲያ ተራው፣ ሥርዓቱ፣ አቀማመጡ ራሱ አንድ ተጨማሪ ክፍል ነውን? አርስቶትል አይደለም ይላል፤ ምክንያቱም ጥሩ ነው። ሥርዓቱ 301ኛው ደንገል ቢሆን ኖሮ እርሱን ከ300ዎቹ ጋር የሚያስር ሌላ ሥርዓት ባስፈለገ ነበር፤ ለዚያም ሌላ፤ መጨረሻ የለውም። እናም አንድ የሚያደርገው ነገር ከክፍሎቹ ጎን የሚቆም ሌላ ክፍል ሊሆን አይችልም። እርሱ «ቅርጽ» ብሎታል፤ ቃሉ የዓይን መልክን ብቻ ሳይሆን የነገሩን አሠራርና ዓላማ ጭምር ያቅፋል።

እንግዲያው መልሶቹ ምንድን ናቸው?

ዛሬ ፈላስፎች በሦስት ወገን ተከፍለው ይሟገታሉ።

የመጀመሪያው ወገን ብዙ ነገር አንድ የሚሆንበት ጊዜ የለም ይላል። ያሉት የመጨረሻዎቹ፣ ወደ ሌላ ክፍል የማይከፈሉ ቅንጣቶች ብቻ ናቸው። ታንኳ የለም፤ በታንኳ ቅርጽ የተደረደሩ ቅንጣቶች ግን አሉ። ይህን ሰዎች በብዛት ይስቱታል። እነዚህ ፈላስፎች ዓለም ሕልም ናት አላሉም፤ በታንኳ ተሳፍሮ ዘጌ መሻገር አይቻልም አላሉም። የሚሉት ይህን ነው፦ ዓሣ አጥማጁን የሚሸከመው፣ ውኃውን የሚገፋው፣ የሚከብደውና የሚቀለው ሁሉ የቅንጣቶቹ ሥራ ነው፤ ሥራው በእነርሱ ካለቀ፣ «ታንኳ» የሚባል ሥራ ፈት በቆጠራው ላይ ለምን እንጨምራለን? የሐሳቡ ዘር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን ከነበረው ከግሪካዊው ፈላስፋ ከዴሞክሪተስ ይመዘዛል። በጥንታዊ የቡድሂዝም ጽሑፍም መነኩሴው ናጋሴና ንጉሥ ሜናንደርን ስለ ሠረገላው ሲጠይቀው እናገኛለን። መንኮራኩሩ ነው ሠረገላው? አይደለም። ቀንበሩ ነው? አይደለም። ሁሉም ተሰብስበው ናቸው? ንጉሡ ለዚህም አይደለም አለ፤ ሠረገላ ስም ብቻ እንደሆነ እስኪስማማ ድረስ።

የዚህ መልስ ችግር ወደ ራስ ሲዞር ይታያል። እኔም ከክፍሎች የተሠራሁ ነኝ። ታንኳ ከሌለ እኔስ አለሁ? አሜሪካዊው ፒተር አንገር በ1979 እስከዚያ ድረስ ሄዶ እኔ ራሴ የለሁም ብሎ ጻፈ። ቫን ኢንዋገን ከዚያ ጠርዝ ላይ ቆመ። የእርሱ መልስ፣ ክፍሎች አንድ ነገር የሚሠሩት እንቅስቃሴያቸው ሕይወት ሲሆን ብቻ ነው የሚል ነው። ሰው አለ፤ አምባዛ አለ፤ ዋርካ አለ። ታንኳ፣ ቤትና ድንጋይ የሉም፤ የተደረደሩ ቅንጣቶች ናቸው። ይህን ወደ ጣና ዳር አምጡትና እዩት። ሥሩ ላይ ቆሞ ነፋስ የሚያወዛውዘው ደንገል አለ። ተቆርጦ ፀሐይ ላይ ሲደርቅና ሕይወቱ ሲያልፍ ግን ያ ደንገል የለም፤ የቀረው በደንገል መልክ የተቀመጠ ብናኝ ነው። አዛውንቱ ያስሩት የነበረው ለዚህ መልስ የሌለ ነገር ነው። ይህ ሰው ለሕይወት የሰጠው ክብር ይማርከኛል፤ ዋጋው ግን ብዙ ነው።

ሁለተኛው ወገን ሁልጊዜ ይላል። ማናቸውም ሁለት ነገሮች፣ የትም ይሁኑ የት፣ ሦስተኛ ነገር ይሠራሉ። የቀኝ ጫማዬና የጭስ ዓባይ ፏፏቴ በአንድነት አንድ ነገር ናቸው፤ ስም ስላላወጣንለት ብቻ አናስተውለውም። መጀመሪያ ሲሰሙት ያስቆጣል። የቀረበለትን ምክንያት ግን በትዕግሥት ማየት ይገባል፤ በዚህ ክርክር ውስጥ ከሁሉ ጠንካራው እርሱ ነውና። ባለቤቱ አሜሪካዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሉዊስ ነው፤ በ1986 ነው ያቀረበው።

በጤፍ እንጀምር። ከክምር ጤፍ ላይ አንድ ፍሬ ብትወስዱ ክምሩ ክምር ነው። ሌላ አንድ ብትወስዱም ያው። እንዲህ እያላችሁ አንድ ፍሬ ብቻ እስኪቀር ብትቀጥሉ፣ ክምሩ የጠፋው በየትኛዋ ፍሬ ነው? ይህ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የሚሊጡሱ ኤውቡሊደስ እንቆቅልሽ ነው፤ እርሱ የተናገረው ስለ እህል ክምር ሲሆን ጤፉን ያመጣሁት እኔ ነኝ። «ክምር» የሚለው ቃል ደብዛዛ ስለሆነ ድንበሩ አይታወቅም ብለን እንገላገላለን።

አሁን ወደ ታንኳዋ እንመለስ። የልጡን እስር ቀስ በቀስ፣ በፀጉር ስፋት፣ አላሉት። ጥብቅ ከሆነችው ታንኳ እስከ ተበተነው ደንገል ድረስ እልፍ ደረጃ አለ። ብዙዎቹ አንድ የሚሆኑት አንዳንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ፣ በዚህ መንገድ ላይ አንድ ቦታ 301 የነበረው 300 መሆን አለበት። በየትኛው የፀጉር ስፋት? የትኛውንም ብንመርጥ ከጎኑ ካለው የሚለይበት ምክንያት የለም። ደብዛዛ ነው ልንል ነው? ሉዊስ የሚይዘን እዚህ ላይ ነው። «ክምር» ደብዛዛ ሊሆን ይችላል፤ ቃል ነው። «ስንት ነገር አለ» የሚለው ግን ቁጥር ነው። አንድ ነገር ወይ አለ ወይ የለም፤ በከፊል ያለ ነገር አይቆጠርም። ስለዚህ ወይ ከመጀመሪያው አንድ ነገር አልነበረም፣ ወይም ደንገሉ ከተበተነ በኋላ እንኳ ያ አንድ ነገር አለ። ሉዊስ ሁለተኛውን መረጠ።

ሦስተኛው ወገን አንዳንድ ጊዜ ይላል። አዛውንቱም፣ እኔም፣ ምናልባት እናንተም በዚህ ወገን ነን። የእኛ ዕዳ «መቼ?» ለሚለው መልስ መስጠት ነው፤ ቅድም እንዳየነው መነካካት፣ መታሰርና አብሮ መብቀል ዕዳውን አልከፈሉልንም።

ታንኳዋና ደንገሉ አንድ ናቸው ወይስ ሁለት?

ታንኳዋን ሚዛን ላይ አውጧት። ያስመዘገበችውን ክብደት ጻፉ። አሁን ታንኳዋን ሳታነሱ ደንገሉን መዝኑ። ያው ቁጥር ነው። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሚዛኑ ላይ ቢኖሩ ክብደቱ እጥፍ መሆን ነበረበት፤ ስለዚህ አንድ ናቸው ያሰኛል።

በሌላ በኩል ደንገሉ ከታንኳዋ በፊት ነበረ፤ ከእርሷም በኋላ ይኖራል። ለዚህ ከጣና የወጣ እውነተኛ ታሪክ አለ። በ1969 ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ከጣና የተቆረጠ ደንገል ወደ ግብፅ አስወስዶ፣ ከቻድ ሐይቅ ባመጣቸው ታንኳ ሠሪዎች «ራ» የምትባል ትልቅ የደንገል ጀልባ አሠራ። ሐሳቡ የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ሊያቋርጡ ይችሉ እንደነበር ማሳየት ነበር። ጀልባዋ ከሞሮኮዋ ሳፊ ወደብ ተነሥታ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ተጓዘች። ከዚያ የኋላዋ ጎበጠ፤ በአንድ ጎኗ ያለው እስር እየተፈታ ደንገሉ በማዕበሉ ላይ መንሳፈፍ ጀመረ። ተጓዦቹ ከባርባዶስ ጥቂት ሲቀራቸው ትተዋት ወጡ። በዓመቱ ከቦሊቪያ በመጡ የአይማራ ባለሙያዎች የተሠራችው «ራ ሁለት» በ57 ቀን ባርባዶስ ደረሰች።

የመጀመሪያዋን ልብ በሉ። ባሕሩ መሀል «ራ» ጠፋች፤ ከጣና የሄደው ደንገል ግን አልጠፋም፤ እየተንሳፈፈ ነበር። አንዱ ጠፍቶ ሌላው ከቀረ እንዴት አንድ ሊሆኑ ይችላሉ? አሜሪካዊው አለን ጊባርድ ይህን እንቆቅልሽ በ1975 በሸክላ ጭቃና በሐውልት አሳይቷል። መልሱም ሁለቱ ስሞች አንዱን ነገር በሁለት ዓይን የሚያዩ ናቸው የሚል ነበር። ሌሎች ደግሞ ደንገሉ ታንኳዋን «ይሠራታል» እንጂ «ነው» አይባልም ይላሉ፤ ሁለት ነገሮች ናቸው፣ ግን አንዱ ክብደቱን ከሌላው ስለሚዋስ ሚዛኑ ሁለት ጊዜ አይቆጥርም። እኔ ወደ ኋለኞቹ አዘነብላለሁ። «ጥሩ ደንገል ነው» እና «ጥሩ ታንኳ ናት» የሚሉት ንግግሮች አንድ ነገር የሚያመሰግኑ አይመስለኝም፤ ጥሩ ደንገል በመጥፎ እጅ መጥፎ ታንኳ ይሆናልና።

ጣና የት ይጀምራል?

እስካሁን ትንሽ ነገር ይዘን ቆየን። ትልቁን እንይ። ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ሐይቅ ነው ይባላል። በክረምት ሞልቶ መስከረም አካባቢ ከፍ ይላል፤ ሰኔ ሲቃረብ ይወርዳል፤ በዳርቻው ውኃው ሲሸሽ ገበሬዎች ተከትለው ይዘራሉ። በ1988 ዓ.ም ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨራጨራ ላይ የውኃ መቆጣጠሪያ ከተሠራ ወዲህ መጠኑን ሰውም ይወስናል። ደንገሉ የቆመበት ጭቃ ሐይቅ ነው ወይስ መሬት? እግርን የሚያርሰው፣ ግን የማያዋኘው ውኃስ?

አንድ ጠብታ ጠርዝ ላይ አስቡ። እርሷን ጨምሮ ያለው የውኃ ክምችት ሐይቅ ለመባል የሚጎድለው የለም። እርሷን ሳይጨምር ያለውም አይጎድለውም። ሁለቱ ግን በአንድ ጠብታ ይለያያሉ፤ ስለዚህ አንድ አይደሉም። ጠርዝ ላይ ደግሞ ስፍር ቁጥር የሌለው ጠብታ አለ። ታዲያ እዚያ ያለው አንድ ጣና ነው ወይስ እልፍ አእላፍ ሐይቆች ተደራርበው? ይህን አንገር በ1980 ስለ ደመና ጽፎታል። ሰፊ ተቀባይነት ያገኘው መልስ እንዲህ ይላል፦ «ጣና» የሚለውን ስም ስናወጣ የትኛዋ ጠብታ እንደምትገባ አልወሰንንም። ስሙን ከእልፉ በየትኛው ላይ ብታሳርፉት «ጣና አንድ ሐይቅ ነው» የሚለው እውነት ሆኖ ይወጣል፤ «ይህች ጠብታ የጣና ናት» የሚለው ግን እውነትም ሐሰትም ሳይሆን ይቀራል።

ይህ ለካርታ ሠሪና ለአስተዳዳሪ ባዶ ወሬ አይደለም። ከሐይቁ ዳርቻ በዚህ ያህል ሜትር ውስጥ አይታረስም፣ አይገነባም የሚል ደንብ ሲወጣ፣ ዳርቻው የመስከረሙ ነው ወይስ የሰኔው? መለኪያ ገመድ የያዘው ሰው እግሩ ሥር ያለውን ጭቃ የሐይቁ ክፍል ማድረግ ወይም አለማድረግ ግዴታው ነው።

ክፍሉ ሁሉ ቢለወጥስ?

ወደ አዛውንቱ ቃል ልመለስ። ጥንታዊው ጸሐፊ ፕሉታርክ እንደሚነግረን የአቴና ሰዎች የጀግናቸውን የቴሴየስን መርከብ ጠብቀው ሲያቆዩ የበሰበሰውን ሳንቃ በአዲስ ይለውጡ ነበር፤ ፈላስፎችም ያቺው ናት፣ አይደለችም እያሉ ተከራከሩባት። በ1655 እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ አንድ ክፉ ጥያቄ ጨመረበት። አንድ ሰው የተጣለውን አሮጌ ሳንቃ ሁሉ ሰብስቦ በቀድሞው ተራ ቢገጥመውስ? አሁን ሁለት መርከብ አለ፤ የቴሴየስ የትኛዋ ናት?

ሌላው እንግሊዛዊ ጆን ሎክ በ1694 ለሕያዋን የሚበቃ መልስ ሰጠ። ዛፍ ቅጠሉን ያራግፋል፤ ግንዱ ይወፍራል፤ ከችግኝነቱ የቀረ ነገር ላይኖረው ይችላል። ያው ዛፍ የሚያሰኘው ሳይቋረጥ የቀጠለው አንድ ሕይወት ነው። ታንኳ ግን ሕይወት የላትም፤ ቤተ ክርስቲያንስ? ብዙዎቹ የጣና ገዳማት ምሥረታቸው ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጋር ይያያዛል። የሣር ክዳን ይበሰብሳል፣ ይከደናል፤ ጭቃው ይረግፋል፣ ይመረጋል። ጥንታዊ የምንለው የትኛውን ነው? ግንቡንና ሣሩን ብቻ ከቆጠርን ብዙው አዲስ ነው። እኔ ግን የሎክን ሐሳብ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልይዘው እፈልጋለሁ። ሳይቋረጥ የቀጠለ ጸሎት፣ በዚያው መሬት ላይ፣ በዚያው ሥርዓት የሚጠገን ሕንፃ፤ ይህ ከሕይወት ጋር የሚመሳሰል ነገር አለው። የቅርስ ጥገና ባለሙያዎች አሮጌውን ቁስ ማዳን ይበልጣል ወይስ አሮጌውን አሠራር እያሉ የሚከራከሩት በዚሁ ነጥብ ላይ ነው።

አዛውንቱ ሥራቸውን ጨርሰው ታንኳዋን ወደ ውኃው ገፏት። የጣሉት አሮጌ ደንገል ዳር ላይ ቀረ። ከሦስት ቀን በኋላ በዚያው ሳልፍ ሁለት ልጆች አገኘሁ፤ ደንገሉ ደርቋል፣ እነርሱም በቁራጭ ገመድ አስረው ታንኳ አስመስለውታል። ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ አንዱ ተቀምጦባት ሌላው ይገፋል። አዛውንቱ ከሩቅ፣ አዲሷ ታንኳቸው ላይ ሆነው አዩዋቸው። መቅዘፊያቸውን አንሥተው ጮኹ፦

«እናንተ ልጆች! ታንኳዬን ወዴት ነው የምትወስዷት?»